የጣሳው ቂጥ፣ የጥይቱ አንገትና የባጃጇ ጎማ

ባለፈው ሰሞን ከአጎቴ ልጅ ጋር በጥይት ተጣላን። አትደንግጡ፤ እሱ ዴንቨር፣ እኔ ቡታጅራ፤ የተጣላነውም በኢሞ ነው።

የአጎቴ ልጅ ወልቂጤ ተወልዶ፣ መርካቶ አድጎ፣ ኮሎራዶ ላይ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ወቅቱ ሲደርስ ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል። ለአደኑ የሚሆነውን ጥይት ታዲያ ከሱቅ አይገዛም። የተኮሰውን ቀለህ ይሰበስባል፣ ያጥባል፣ ባሩዱን በሚዛን ይመዝናል፣ አረሩን ይሰካል፣ ራሱ ይሞላዋል። እዚያ አገር ሕጋዊ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ እኛ ከሰዓት በኋላ ዳማ እንደምንጫወተው በሉት።

የዚያን ቀን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ሲሠራ አየዋለሁ። አንዷን ጥይት በካሊፐር ይለካል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ሌላዋን ይለካል፣ በጉራጊኛ ይሳደባል። ሦስተኛዋን ለክቶ ካሊፐሩን ወረወረው።

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ?» አልኩት።

«አንዷ 71 ሚሊ ሜትር ትለኛለች፣ አንዷ 71 ነጥብ 2። መሣሪያው ያው፣ እጄ ያው፣ አረሩ ካንድ ካርቶን የወጣ። ያበደው ማነው?»

«የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ነው እንዲህ የሚያነጫንጭህ? አጋዘኑ በካሊፐር ይለካሃል እንዴ?»

«አንተ መቼም እዚያ ሆነህ ቋንቋህ ‹በግምት› ነው» አለኝ። እዚህች ላይ ተጣላን። «እናንተ» ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እናንተንም፣ እኔንም፣ ማርቴሎ የያዘውን ሁሉ ማለቱ ነው። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ተሸነፍኩ። ይህን የምጽፈውም ለብቻዬ መሸነፍ ስላልፈለግሁ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ጥይት የምንለው ነገር አራት ዕቃ ነው፦ ናሱ ቀለህ፣ ቂጡ ላይ ያለችው ተቀጣጣይ፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ ሄዶ የሚመታው አረር። አረሩ የቀለሁ አንገት ውስጥ ገሚስ ገላውን ሰክቶ ይቀመጣል። ስንት ይግባ? የአጎቴ ልጅ ደም ሥሩ የተገታተረው በዚህች ጥያቄ ነው።

ሚሊ ሜትር የማትሞላ ነገር ለምን እንቅልፍ እንደምትነሳ ለማወቅ ዴንቨር መሄድ አያስፈልግም፤ የቡታጅራ ገበያ ይበቃል። በርበሬ በጣሳ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ቂጡ ወደ ውስጥ የተመታ ጣሳስ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ከውጭ ሲያዩት ያው ጣሳ ነው። ቁመቱ ያው፣ አፉ ያው፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ያው። ሆዱ ግን ጎድሏል። እናቶቻችን ጣሳውን ገልብጠው ቂጡን ሳያዩ «ስፈሪልኝ» የማይሉት ለዚህ ነው።

ጥይትም ይኸው ነው። አረሩ ጠልቆ ሲገባ የቀለሁ ሆድ ይጠባል፤ ባሩዱ ግን አልቀነሰም። ያው ባሩድ በጠበበ ሆድ ሲነድ ግፊቱ ይጨምራል። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ብረቱ የሚፈነዳው ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስደግፎ አንድ ዓይኑን በጨፈነው ሰው ፊት ነው። «እሺ እንግዲያው ወጣ ይበል» ብላችሁ ብትተዉትም አያዋጣም፤ አረሩ ተኩስ ከመጀመሩ በፊት የበርሜሉ ጠመዝማዛ ቦይ ላይ ተደግፎ ይቆይና ግፊቱ በዚያም በኩል ይወጣል። ሁለቱንም አምልጣችሁ፣ ነገር ግን አንዷ ጥይት ከሌላዋ ካልተመሳሰለች፣ ምንም ያህል ብታነጣጥሩ ዒላማችሁ ላይ እንደተበተነ ጤፍ ነው የሚሆንባችሁ።

(በነገራችን ላይ ይህን አንብቦ ቤቱ ጥይት ለመሙላት የሚነሳ ጀግና ካለ ይቀመጥ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ነገር አለ፤ ጥይት ማምረት የማንም ጓዳ ሥራ አይደለም። እኔ የማወራው ሌላ ነው፣ ታገሡኝ።)

በሦስተኛው ቀን የአጎቴ ልጅ ደወለ። ድምፁ እንደ ሎተሪ ደራሽ ሆኗል። «አገኘሁት! ጥይቶቹ ልክ ነበሩ፤ የተሳሳትኩት አለካክ ነው!»

ነገሩ ይህ ነበር። እሱ የሚለካው ከቀለሁ ቂጥ እስከ አረሩ ጫፍ ነው፤ ማንም ሰው እንደሚለካው። የአረሩ ጫፍ ግን ከፋብሪካ ሲወጣም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ትንሽ ይሾላል፣ አንዱ ትንሽ ይዶለዱማል፣ አንዱ ካርቶኑ ውስጥ ከወንድሞቹ ጋር ሲጋጭ ይጨፈለቃል። አረሩን ወደ ቀለሁ የምትገፋው ብረት ደግሞ ጫፉን አትነካውም፤ ዝቅ ብላ ትከሻውን ነው የምትይዘው። ስለዚህ መሣሪያው በትከሻው ልክ ሲሰካ፣ እሱ በጫፉ ልክ ሲለካ፣ ሁለቱ በተለያየ ቋንቋ ሲጨቃጨቁ ከረሙ። መፍትሔው ቀዳዳ ያላት ቁራጭ ብረት ናት። ካሊፐሩ ላይ ትታሰራለች፣ ቀዳዳዋ ከአረሩ ውፍረት ጥቂት ስለሚጠብ ጫፉን አሳልፋ ትከሻው ላይ ታርፋለች። ከዚያ ለካ። ያ ሁሉ ልዩነት ሟሸሸ።

ሁሉም አልሟሸሸም። ጥቂቶቹ አሁንም ልክ አልመጣ አሉ። ለካ ሁለት ጊዜ የተተኮሰ ቀለህና ስምንት ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ ቀላቅሎ ኖሯል። ናስ በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር ይደድራል፤ የደደረው አንገት አረሩን አንቆ ይይዛል፣ ያልደደረው ላላ አድርጎ ያስገባል። ለዚህ ነው አዋቂዎቹ ቀለሁን በየጊዜው አንገቱን እሳት አሳይተው የሚያለሰልሱት፣ የተተኮሰበትንም ቁጥር እየጻፉ ለየብቻ የሚያስቀምጡት። ደግሞም እጀታውን አንዴ በችኮላ፣ አንዴ በዝግታ ይጎትት እንደነበር ሳይወድ አመነ። በአንድ አጎታት ሲጎትት የቀረውም ተስተካከለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የሚመጣውን አስተያየት ከወዲሁ እሰማዋለሁ፦ «ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው። ደግሞስ ጉራጌን ከጥይት ምን አገናኘው? ጉራጌ ንግድ ነው።»

አሃ! ንግድ ካላችሁማ በንግድ እንምጣ። በዚህ አገር ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ዓ.ም. ያወጡት ግራ የተባለ ጠመንጃ አለ፤ የኛ ሰው «ፉዚ ግራ» የሚለውን ሰምቶ «ውጅግራ» አለው። የዓድዋ ዘመን ስመ ጥር ጠመንጃ ነው። የውጅግራ ጥይት ቀለሁ 59 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ አፉ ላይ የተሸከመ ጎምላላ ነገር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ይህ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን የገበያ ዝርዝር ሆኖ ይሠራ ነበር። ማርትሬዛ ብር ለትልቁ፣ አሞሌና ጥይት ለትንንሹ። ባዶው ቀለህ ሳይቀር ዋጋ ነበረው፤ ተመልሶ ይሞላል ዃ! የአጎቴ ልጅ ዴንቨር ላይ በኩራት የሚያሳየኝን ሥራ የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ሰዎች ያለ ካሊፐር፣ ያለ ኢሞ ሠርተውታል።

አሁን አስቡት። ጥይት ገንዘብ ሲሆን ሰው የሚያየው ላዩን ነው። ናሱ ያበራል? አረሩ አፉ ላይ አለ? አለፈ። ሆዱ ውስጥ ያለው ባሩድ ሙሉ ይሁን ጎደሎ፣ አረሩ ባሩዱ ላይ ደርሶ ይረፍ ወይም ክፍተት ይተው፣ እጅ ለእጅ ሲዘዋወር ማን ያየዋል? በዚያ ዘመኑ ጥቁር ባሩድ ደግሞ ክፍተት ክፉ ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ብዙውን ጊዜ ከላዩ ትንሽ አየር ቢኖር አይከፋውም፤ ጥቁሩ ግን አረሩ ጠቅ አድርጎ እንዲይዘው ይፈልጋል፤ በመካከል ባዶ ቦታ ከተተወ በርሜሉን ሊያሳብጠው ይችላል። ገበያ ላይ ያለ ችግር ስንት እጅ የዞረች ጥይት፣ የመጨረሻው ሰው በሚተኩሳት ቀን ምን ልትሆን እንደምትችል ገምቱ። ገንዘብነቷን የለካው በጫፏ ነው፤ ጥይትነቷ ግን ያለው ትከሻዋና ሆዷ ላይ ነው።

ስለ ጉራጌና ጥይትም አንድ ቃል፦ የዓድዋው መድፈኛ ባልቻ አባ ነፍሶ ትውልዳቸውን ወደዚህ አገር የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው። ወልቂጤ ዙሪያ ሐሰን እንጃሞ ከራስ ጎበና ጦር ጋር የተዋጋበት ምድር ነው። ስለዚህ «ምን አገናኘው» የምትሉ፣ ታሪክ ያገናኘዋል። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ያ ቀለህ የሚሞላ፣ ጠመንጃ የሚያድስ፣ ብረት የሚያቀልጥ እጅ የት ገባ? ይህን ስጠይቅ ብዙ ሰው ጣሊያንን፣ ደርግን፣ ሜቴክን ይጠራልኛል። እኔ ወደ ቤት መጥቼ ነው የምጠይቀው። ጉራጌ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ እንጨት የሚጠርበውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ምን ብለን ስንጠራው ኖርን? ቤታችንን የሚያቆመው፣ የጎጇችንን ምሰሶ የሚተክለው ፉጋ፣ መሬት አልነበረውም፤ ልጃችንን አናጋባውም፤ ከማዕዳችን አይቀርብም። እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. የወጣው የዊሊያም ሻክ የጉራጌ ጥናት ይህን በዝርዝር ጽፎታል፤ ግን የሻክን መጽሐፍ ትታችሁ አያታችሁን ጠይቁ፣ እሷ ትበልጣለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ የጉራጌ ብቻ ስላልነበረ ነው፤ አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን እስከዛሬ አልሞተም።

እንዲህ ያለ ሕዝብ ውስጥ ሙያ ምን ይሆናል? ምስጢር ይሆናል። አባት ለልጅ በእጁ ያሳየዋል፣ ከዚያ ውጪ ለማንም አይናገርም፤ ማን ጠይቆት? ማን አክብሮት? መለኪያው ብረት ላይ አልተቀረጸም፣ ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ክንዱ ውስጥ ነበር፣ ከክንዱ ጋር ተቀበረ። እኛ ደግሞ የሙያውን ሰው ካጣን በኋላ ምስጢሩን ብቻ አድናቆት አድርገን ያዝነው። «እጁ ልክ ነው!» «እሱ መለኪያ አያስፈልገውም!» «ዓይኑ ሜትር ነው!» ይህ ሙገሳ አይደለም ጎበዝ። ይህ ሰውየው ሲታመም፣ ሲያረጅ፣ ሲሰደድ ሥራው አብሮ ይጥፋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ባጃጇ ልምጣ፤ ወደ እውነተኛው ንዴቴ።

ታናሽ ወንድሜ ወልቂጤ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ከወልቂጤ ጉብርዬ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ፣ ተማሪና ጆንያ ይጭናል። አንድ ቀን የፊት ጎማው ማልቀስ ጀመረ፤ ኩሽኔታው አልቋል። እዚያው ከተማ ካለ አንድ ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የተከበሩ፣ «እጃቸው ልክ ነው» የሚባሉ። አሮጌውን ኩሽኔታ አውጥተው አዲሱን በማርቴሎና በቁራጭ ብረት እየቀጠቀጡ አስገቡት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ወንድሜ ከፍሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አክስቴን ጭኗት ወደ ጉብርዬ ሲሄድ መታጠፊያው ላይ የፊት ጎማው ተርገደገደ፣ መሪው ከእጁ ወጣ፣ ባጃጇ በጎኗ ተኛች። ፍጥነት ላይ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አክስቴ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ፍቃ፣ ቆጮ ጨምቃ የኖረች ናት፤ ሁለት ወር ያህል በአንድ እጇ ስትኖር ማየት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። «እትዬ ያምሻል?» ስላት «እጄስ ይድናል፤ የልጁን ባጃጅ ግን እንዳትሸጡበት» ነው ያለችኝ።

ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ልጣላ ነበር የሄድኩት፣ ግን በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ላይ እንዴት ትጮኻለህ?

«ጋሼ፣ ኩሽኔታው እስከ የት ነው የሚገባው?»

«እስከሚበቃው ነዋ።»

«መብቃቱን በምን ያውቃሉ?»

«ድምፁ ይነግረኛል ልጄ። ወለሉን ሲነካ ይቀየራል።»

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፦ ሰውየው አልዋሹም። ኩሽኔታ ወለሉ ላይ ሲያርፍ የማርቴሎው ድምፅ በእርግጥ ይለወጣል። ጥሩ መካኒክ ይሰማዋል። ይህ ሙያ ነው፣ ለዚህ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ነገር ግን የዚያን ቀን በስተቀኝ ብየዳ አለ፣ በስተግራ ጎማ የሚነፋ ኮምፕሬሰር ያጓራል፣ ከፊት ለፊት ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን መንገድ ላይ አውጥቷል። የቱን ድምፅ ይስሙ? ስለዚህ በዓይናቸው አዩ። የኩሽኔታው ፊት ከቤቱ ከንፈር ጋር እኩል ሲሆን «በቃ» አሉ። ያ ከንፈር ግን ከእሳቸው በፊት በነበሩ ሌሎች ማርቴሎዎች ተቀጥቅጦ፣ አብጦ፣ ተጣሞ ነበር። ከተጣመመ ከንፈር ጋር እኩል የሆነ ነገር ከምን ጋር ነው እኩል የሆነው?

የአጎቴ ልጅ የአረር ጫፍ ይኸውላችሁ፣ ወልቂጤ ላይ።

ይህን ያወቅነው ጎማውን ፈትተን ቡታጅራ አንድ ቶርኖ ቤት ስናመጣው ነው። የቶርኖው ልጅ የካሊፐሩን ጭራ፣ ያቺን ቀጭን ዘንግ፣ ወደ ውስጥ ሰዶ ወለሉን እያስነካ ለካ። በአንድ በኩል ኩሽኔታው ወለሉ ላይ አርፏል። በሌላው በኩል ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቶታል። ተንጋዶ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፤ ሲዞር እየበላ፣ እየላላ ሄደ። ሁለት ሚሊ ሜትር! የአጎቴ ልጅ ለአጋዘን ሲል በአንድ አምስተኛ ሚሊ ሜትር ይሳደባል፤ እኛ አክስታችንን አሳፍረን በሁለት ሚሊ ሜትር «በቃ» እንላለን።

ልጁ ከዚያ ያደረገውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የዚህ ጽሑፍ እርባና እሱ ነው። ከጥራጊ ብረት ክምር ውስጥ ወፍራም ቱቦ አነሣ። ቶርኖው ላይ አሥሮ ላጠው፤ አንዱን ጫፍ የኩሽኔታውን የውጭ ቀለበት ብቻ እንዲገፋ አድርጎ፣ ከኋላው ደግሞ ሰፋ ያለ ክንፍ አስቀረለት። ቱቦዋን አስደግፈህ በሞርሳ ቀስ ብለህ ስትጭን ኩሽኔታው ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ክንፏ የቤቱን ፊት ስትነካ በቃ፣ ከዚያ አያልፍም፣ ከዚያም አይጎድልም። ከመጀመሩ በፊት ያንን ያበጠ ከንፈር ላጥ አድርጎ አስተካከለው፤ ክንፏ የምታርፍበት ፊት እውነተኛ ካልሆነ ቱቦዋም ትዋሻለችና። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የጠየቀን ገንዘብ ከሁለት ሰው ምሳ አይበልጥም። አሁን ወንድሜ፣ በሙያው ሾፌር እንጂ መካኒክ ያልሆነው ወንድሜ፣ ኩሽኔታ ራሱ ይቀይራል። እጁ ልክ ስለሆነ አይደለም። የቱቦዋ ክንፍ ልክ ስለሆነች ነው።

«መሣሪያ የለንም» የሚባለውን ሰበብ እዚህ ላይ ቀብሬዋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው «ጊዜ የለንም፣ ደንበኛ ይቸኩላል» ነው፤ ይህኛው እውነትነት አለው፣ ጥፋቱም የኛ የደንበኞቹ ነው። በሃያ ደቂቃ ካልጨረሰ ወደ ጎረቤቱ እንሄዳለን። ግማሽ ሰዓት ጨምሮ የሚለካውን ሰው «ቀርፋፋ» እንለዋለን። ዋጋውን አርባ ብር ለማስቀነስ እንከራከርና፣ ኩሽኔታው ወለሉን ይንካ አይንካ ግን አንጠይቅም። እስቲ ቡታጅራ ክትፎ ቤት ግቡና ሰዉን እዩት። «ለብ ለብ» ብሎ አዝዞ ትንሽ የበሰለ ከመጣለት ምን እንደሚል ስሙ! አስተናጋጇን ያስጠራል፣ ባለቤቷን ያስጠራል፣ ሳህኑን ይመልሳል። ቅቤው በዛ፣ ሚጥሚጣው አነሰ፣ አይቡ ጎመዘዘ… ሆድ ላይ ሲሆን የሚሊ ሜትር መሐንዲስ ነን። ያው ሰው እጁን ታጥቦ ይወጣና፣ ጎማው የሚንገዳገድ ባጃጅ ላይ ጥርሱን እየፋቀ ይሳፈራል።

ሦስተኛው ሰበብ የተማረው ነው። «ልጆቹ እኮ ቴክኒክና ሙያ ተምረዋል፣ ሲኦሲ አልፈዋል።» አልፈዋል። ጎበዞችም አሉባቸው፤ የቶርኖው ልጅ አንዱ ነው። ግን የማውቃቸውን ምሩቃን ስጠይቅ አብዛኞቹ ካሊፐር ማንበብ ለፈተና ተምረዋል፤ ሥራ ቦታ ሲገቡ አለቃቸው «ይሄን የትምህርት ቤት ነገር አስቀምጠው» ይላቸዋል። መለኪያ ማውጣት አለማወቅን ማሳየት ነው ተብሎ ይታሰባል። ካሊፐሩን መሳቢያ ውስጥ ደብቆ፣ አለቃው ሲወጣ ብቻ እየለካ የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ። እንደ ሌባ!

እንግዲህ ማንኛውም የጥይት ፋብሪካ፣ አምቦ አካባቢ ያለው ሆሚቾም ቢሆን የሌላ አገሩ፣ ሠራተኛው «በዓይኔ አይቼዋለሁ» በማለቱ ጥይት ሊያሳልፍ አይችልም። ይገባል ወይም አይገባም የሚል የብረት መለኪያ አለ፤ ገባ፣ አለፈ፤ አልገባም፣ ወደ ኋላ። ሠራተኛውን መናቅ አይደለም። አዲስ ተቀጣሪውም የሃያ ዓመቱ ባለሙያም እኩል ልክ ሥራ እንዲያወጡ ነው። አንድ ሰው ሌላውን ለመግደል ለተሠራ ዕቃ የሚደረገው ጥንቃቄ፣ ሰው ተሳፍሮባት ወደ ትምህርት ቤት ለምትሄድ ባጃጅ ሲበዛባት አይገባኝም።

ወልቂጤና ቡታጅራ ያላችሁ ባለጋራዦች፣ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። የምትቀይሩት የባጃጅ ኩሽኔታ ዓይነቱ ከጥቂት አይዘልም። ለያንዳንዱ አንድ አንድ ባለ ክንፍ ቱቦ አስላጡ። ላዩ ላይ ቁጥሩን ምቱበት። ግድግዳ ላይ ምስማር መትታችሁ ስቀሉት፣ ደንበኛ እንዲያየው። እኛም ስንመጣ ከዋጋው በፊት ግድግዳውን እናያለን፤ እናቶቻችን የጣሳውን ቂጥ ገልብጠው እንደሚያዩት።

ለእኚያ ትልቅ ሰውም አንዷን ቱቦ ወስጄላቸዋለሁ። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አገላብጠው አዩዋት፣ ክንፏን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፣ «ማን ነው የላጠው?» አሉ። ነገርኳቸው። «እኔም አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ነበረው፤ ለማረሻ የሚጠቀምበት» አሉና ዝም አሉ። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ አባታቸው ምን ይባሉ እንደነበር አልጠየቅኋቸውም፤ የምትጠየቅ ነገር አይደለችም፣ በኛ አገር። ቱቦዋን ግን ከማርቴሎው አጠገብ አስቀመጧት።

ማታውን ፎቶዋን ለአጎቴ ልጅ ላክሁለት። ኩራት ኩራት ብሎኝ «ርዝመቷ ልክ 38 ሚሊ ሜትር!» ብዬ ጻፍኩበት።

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ከየት ጀምረህ ለካሃት?»